ዝም ያልንለት የአባቶቻችን ሕመም፦ ፕሮስቴት በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ



በየመስጂዶቻችን ሁላችንም የምናየው፣ ግን ስም ያልሰጠነው ነገር አለ። ለዓመታት ከፊተኛው ሶፍ የማይጠፉ አባት መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ አጠገብ ይሸሻሉ። ቀጥሎ ከዒሻ ጀማዓ ይቀራሉ፤ ከዚያም ከሱብሒ። በመጨረሻ ለጁሙዓ ብቻ፣ ያውም ኹጥባው ሊያልቅ ሲል ብቅ ብለው፣ ኢማሙ እንዳሰላመቱ ተሹለክልከው የሚወጡ ይሆናሉ። «ምነው ጠፉ?» ሲባል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «አረጁ እኮ!»።

ብዙ ጊዜ ግን ከእርጅናው ጀርባ ስም ያለው ሕመም አለ። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲሄዱለት እንቢ ይላል፤ ጨረስኩ ሲሉ ይንጠባጠባል። ውዱእ አይቆይም። ልብስ ይነካል። ሽማግሌ ሰው ይህን ለልጁም ለጎረቤቱም አይናገርም፤ ቤቱ መዋልን ይመርጣል።

የምንለው ነገር አጭር ነው። በዕድሜ የገፋ ወንድ የሽንት ችግር የሚታከም ሕመም ነው። አባቶቻችንንም ከእጢው ይልቅ የሚጎዳቸው ዝምታውና መዘግየቱ ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ደግሞ ለመዘግየት የሚዳርጉ ምክንያቶች ባለፉት ዓመታት በዝተዋል። ስለዚህ ጉዳዩን እንደ ጤና ምክር ብቻ ሳይሆን እንደ ማኅበረሰባችን ወቅታዊ ጉዳይ ልናየው ይገባል።

ለምን አሁን?

ሦስት ነገሮች ገጥመዋል። የመጀመሪያው አልሐምዱሊላህ የሚያሰኝ ነው፤ የአገራችን ሰው ዕድሜ ጨምሯል። ከሃያ አምስት ዓመት ገደማ በፊት በኢትዮጵያ አማካይ የመኖሪያ ዕድሜ ከ50 ዓመት ብዙም አይርቅም ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ሆኗል። ፕሮስቴት የዕድሜ ሕመም ስለሆነ፣ ስልሳና ሰባ የሚደርሱ አባቶች በበዙ ቁጥር ይህ ሕመም ያለበት ቤትም ይበዛል።

ሁለተኛው ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ነው። መንገድ የሚዘጋበት፣ ትራንስፖርት የሚቋረጥበት፣ ሰው ከቀበሌው ለመውጣት የሚያመነታበት ጊዜ በርክቷል። ወላድን ማድረስ በከበደበት አካባቢ «ሽንቴ አስቸገረኝ» ብሎ ወደ ባሕር ዳር ለመውጣት የሚነሳ ሽማግሌ አይኖርም። ነገ ይሻለኛል ይላል፤ ነገው ወር ይሆናል፤ ወሩም ዓመት።

ሦስተኛው የጤና ሥርዓቱ ያለበት ጫና ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ኑሯቸው ያነሱት ጥያቄ በአገሪቱ ብዙ ሆስፒታሎች እስከ ሥራ ማቆም ደርሶ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ባለሙያው ራሱ በተቸገረበት ጊዜ ወረፋው ይረዝማል። ወረፋ ሲረዝም ደግሞ ቀድሞ የሚቀረው ሕመሙን ለመናገር የሚያፍረው ሰው ነው።

ፕሮስቴት ምንድን ነው?

ፕሮስቴት ወንዶች ብቻ ያላቸው እጢ ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር ይቀመጣል፤ በወጣትነት ከአገራችን ትንሽ ሎሚ አይበልጥም። ሥራው ከዘር ፈሳሽ ጋር የሚቀላቀል ፈሳሽ ማዘጋጀት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከቦታው ነው። ከፊኛ የሚወጣው የሽንት ቧንቧ በዚህ እጢ መሐል ለመሐል ያልፋል። እጢው ሲያብጥ ወይም ሲያድግ ቧንቧውን እንደታጠፈ የውኃ ጎማ ያጠበዋል።

ሦስት ዋና ዋና ሕመሞች አሉት፤ እነሱን መለየት ደግሞ ግማሽ መፍትሔ ነው።

አንደኛውና በብዛት የሚታየው ካንሰር ያልሆነው የፕሮስቴት ማደግ ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ካሉ ወንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ የዚህ እድገት ምልክት በእጢው ላይ ይገኛል፤ ከ80 ዓመት በላይ ደግሞ እስከ 90 ከመቶ ይደርሳል። ሁሉም ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ እጢው አድጎ ምንም የማይሰማቸው ብዙዎች ናቸው። የሚሰማቸው ሰዎች ግን ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜና ከዚያም በላይ ለሽንት ይነሳሉ፤ ሽንቱ እስኪጀምር ይጠብቃሉ፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይቆራረጣል፤ ፊኛው ባዶ ያልሆነ ይመስላቸዋል፤ ድንገት ሲመጣ ደግሞ መያዝ ያቅታቸዋል። ይህ ዓይነቱ እድገት ወደ ካንሰርነት አይለወጥም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ማወቅ ብቻ ብዙ አባቶችን ከከንቱ ጭንቀት ያወጣል።

ሁለተኛው የፕሮስቴት ብግነት ወይም ኢንፌክሽን ነው። ወጣቶችንም ይይዛል። ሲሸኑ ማቃጠል፣ ከሆድ በታችና ከመቀመጫ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ሕመም፣ አንዳንዴም ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። ከፋርማሲ ተገዝቶ በሁለተኛው ቀን የሚቋረጥ አንቲባዮቲክ ሕመሙን ያዳፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ሦስተኛው ካንሰር ነው፤ እሱን ለብቻው እናየዋለን።

«ይፈሳል እንጂ አልተዘጋም»

ካንሰር ያልሆነው እድገት ራሱ ችላ ከተባለ ሊገድል ይችላል። መንገዱ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው በድንገት የሚመጣ ነው። ሽንት ጨርሶ እንቢ ይላል፤ ሆድ ከእምብርት በታች ይወጠራል፤ ሕመሙ ያስጮሃል። ይህ ሰዓት የሚቆጠርበት ድንገተኛ ሕመም ነው። መፍትሔው ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ሽንቱን ማስወጣት ሲሆን፣ ይህን በጤና ጣቢያ ደረጃ የሠለጠነ ባለሙያ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ከደቅ ደሴት ወይም ከቁንዝላ ባሕር ዳር እስኪደርሱ መታገሥ የለባቸውም፤ መጀመሪያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው የሚሄዱት። ሽንት በተዘጋበት ሰዓት «እንዲገፋው» ብሎ ውኃ በብዛት ማጠጣት ወይም ሆድን መጫን ሥቃዩን ይጨምራል።

ሁለተኛው ድምፅ የለውም። ፊኛው በየጊዜው ሳይጨርስ ይቀራል፤ የተረፈው እየተጠራቀመ ፊኛውን ይለጥጠዋል፤ ሽንቱም ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ይጫናል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ አባቶች ያለማቋረጥ ይንጠባጠብባቸዋል፣ ሌሊትም ያመልጣቸዋል። ቤተሰብም «ሽንታቸው ይፈሳል እንጂ አልተዘጋም» ብሎ ይጽናናል። ነገሩ ግን ሞልቶ እንደሚገነፍል እንስራ ነው፤ የሚፈሰው የተረፈው ብቻ ነው። ያበጠ እግር፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲጨመሩበት ኩላሊቱ መጎዳቱን ሊያመለክት ይችላል። በጊዜው በክኒን ወይም በአንድ ቀዶ ሕክምና ሊያልቅ የሚችል ነገር ወደ ኩላሊት እጥበት ከደረሰ የቤተሰብን ጥሪት ይጨርሳል።

ካንሰሩ፦ ምልክት ሳይሰጥ የሚያድገው

የፕሮስቴት ካንሰር በዓለም ደረጃ በወንዶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ከሳንባ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ በ2022 ወደ 1.47 ሚሊዮን ገደማ ወንዶች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ታውቋል፤ ወደ 397 ሺህ የሚጠጉት ደግሞ በዚያው ዓመት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ2020 በዓመት 1.4 ሚሊዮን የነበረው አዲስ ታማሚ በ2040 ወደ 2.9 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተንብዮአል። ጭማሪው የሚከብደውም ዕድሜ እየጨመረ፣ ምርመራ ግን ባልተስፋፋባቸው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው።

ይህ ካንሰር በመጀመሪያ ደረጃው ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አይሰጥም። ምልክት ሲያሳይ፣ ለምሳሌ የማይለቅ የወገብና የዳሌ አጥንት ሕመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት፣ የእግር መዛል ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ወደ አጥንት ደርሷል ማለት ነው። ወገባቸውን ለወራት ሲታሹና ሲታገሙ የቆዩ አባት በመጨረሻ ሆስፒታል ሲደርሱ የሕመሙ ምንጭ ሌላ ቦታ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ሕመሙ ባለሥልጣንና ንጉሥ አይለይም። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን እ.ኤ.አ በግንቦት 2025 አጥንታቸው ድረስ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸው ተነግሯል። በሌላ በኩል ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ በ2001 ተገኝቶባቸው በጨረር ታክመው እስከ 2013 ኖረዋል። የደቡብ አፍሪካው ዴዝሞንድ ቱቱም እ.ኤ.አ ከ1997 ጀምሮ ሃያ አራት ዓመት ያህል ከሕመሙ ጋር ኖረዋል። ልዩነቱን ከሚፈጥሩት ነገሮች ዋነኛው ሕመሙ የተገኘበት ጊዜ ነው።

የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ እ.ኤ.አ በጥር 2024 ካንሰር ያልሆነ የፕሮስቴት ማደግ እንደሚታከሙ ቤተ መንግሥቱ በግልጽ ሲናገር፣ ስለዚህ ሕመም ከአገሪቱ የጤና አገልግሎት መረጃ የሚፈልገው ሰው በአንድ ቀን በብዙ እጥፍ ጨመረ። አንድ የተከበረ ሰው ዝምታውን ሲሰብር ብዙዎች አብረው ይናገራሉ።

በአገራችን ፕሮስቴት የሚለው ቃል ወደ አደባባይ የወጣው ግን በሌላ መንገድ ነበር። ነሐሴ 1967 ዓ.ም የደርግ መንግሥት የአፄ ኃይለ ሥላሴን ሞት ሲያውጅ ነገሩን ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር አያይዞት ነበር። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ግን ከቀዶ ሕክምናው የተነሳ ችግር እንዳልነበረ ተናግረዋል፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበረው የፍርድ ሂደትም የቀድሞ ባለሥልጣናት በንጉሡ ግድያ ተከሰዋል። ፕሮስቴት ያን ጊዜ የሞት ሰበብ ተደርጎ ተነገረ። ዛሬ ደግሞ «ፕሮስቴት የተቀደደ አይተርፍም» የሚል ወሬ በየቡና ቤቱ ሲነገር እንሰማለን፤ ወሬው ግን ከእውነት የራቀ ነው።

አባቶቻችን ለምን ይዘገያሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት ሐያእ ነው። ሐያእ የኢማን አካል መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሐያእ ሰውን ከኃጢአት የሚከለክል እንጂ ከሕክምና የሚከለክል አይደለም። ዐውራን ለሐኪም ማሳየት ለአስፈላጊ ሕክምና እንደሚፈቀድ፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ መሆን እንዳለበትም ዑለማዎች አስተምረውናል። ሐኪሙ እጢውን በጣት የሚመረምረው ከአንድ ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ነው፤ ወንድ ሐኪም መጠየቅም ይቻላል።

ሁለተኛው የተሳሳተ ማብራሪያ ነው። «ብርድ መቶኝ ነው»፣ «ኩላሊቴን ነው» ይባላል። በጣና ዳርቻ ደግሞ አንድ ተጨማሪ አለ፦ «የሐይቁ ውኃ ነው»። በሐይቁ ዳር በታንኳ፣ በዓሣና በደንገል የኖሩት የነገደ ወይጦ ወንድሞቻችንን ጨምሮ በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ቢልሃርዝያን በደንብ ያውቃል። ሽንት ውስጥ ደም ሲታይም ወዲያው እሱ ይታሰባል። ሆኖም በጣና አካባቢ የሚታወቀው ቢልሃርዝያ አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው። የሽንት ፊኛን የሚያጠቃውና ደም የሚያሸናው ዓይነት በአገራችን የሚገኘው እንደ አዋሽና ዋቢ ሸበሌ ባሉ የተወሰኑ ቆላማ ቦታዎች ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር፣ የደልጊ ወይም የጎርጎራ ሽማግሌ ደም ከሸና ነገሩን በሐይቁ አሳብቦ መቀመጥ የለበትም። ደም ማሽናት አንድ ጊዜ ታይቶ ቢጠፋ እንኳ ምርመራ የሚያስፈልገው ምልክት ነው።

ሦስተኛው የጤና ሥርዓቱ አሠራር ነው። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በእናቶችና በሕፃናት ጤና ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ነገር ግን ቤት ለቤት የምትሄደው ወጣት ባለሙያ ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሼኽ ስለ ሽንታቸው አትጠይቅም፤ እሳቸውም አይነግሯትም። ለማህጸን በር ካንሰር የቅድመ ምርመራ አገልግሎት ተዘርግቷል፤ ለፕሮስቴት ተመሳሳይ አገር አቀፍ ፕሮግራም የለም። እናቶች ያገኙትን እንክብካቤ ማንም አይቀንስባቸው፤ አባቶችም ግን አሉ።

አራተኛው ገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ እጁ ላይ ያለውን አይጠቀምም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እ.ኤ.አ በ2011 በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከመካከላቸው አንዱ የጣና ጎረቤት የሆነው ፎገራ ነበር። የመድህኑ ደንብ ቀላል ነው፤ ከጤና ጣቢያ መጀመርና በሪፈራል ወደ ላይ መሄድ። ይህን ዘሎ ቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። ብዙ አባቶች «መድህኑ አይሠራም» ብለው ደብተሩን የሚጥሉት ይህን ደረጃ ሳያውቁ ስለሚቀሩ ነው። መክፈል ለማይችሉም መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር አለ፤ ጥያቄው በቀበሌው ዝርዝር ውስጥ ስማቸው መግባቱ ነው።

ሶላቴስ?

ብዙ አባቶች ከሕመሙ በላይ የሚያስጨንቃቸው ይህ ነው፦ «ጦሃራ የለኝም፤ ሶላቴ አይቀበልም።» ከዚህ ጭንቀት የተነሳ ከጀማዓ ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹም ሶላቱን ራሱ እስከ ማዘግየት ይደርሳሉ።

የዲናችን መልስ ከጥንት የተሰጠ ነው። ሽንቱን መቆጣጠር የማይችል ሰው በፊቅህ መጻሕፍት ሰለሱል በውል ያለበት፣ ዑዝር ያለው ሰው ይባላል። ዑለማዎች ይህን ያያዙት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደም ለማይቆምላት ለፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ ከሰጡት ፍርድ ጋር ነው። በብዙዎቹ መዝሀቦች መሠረት ሰውየው ራሱን ያጸዳል፤ እንዳይፈስ በጨርቅ ወይም በንጽሕና መጠበቂያ ይከላከላል፤ የሶላቱ ወቅት ሲገባ ውዱእ ያደርጋል፤ ከዚያ በሶላት መሐል ቢንጠባጠብም ሶላቱ ትክክል ነው። ዝርዝሩ በመዝሀቦች መካከል ስለሚለያይ የአካባቢውን ዓሊም መጠየቅ ይገባል። ካቴተር የተደረገለት ሰውም ከዚሁ ፍርድ ይገባል።

የሚያጽናና አንድ ታሪክም አለ። ቁርኣንን በመሰብሰብ ታላቅ ኃላፊነት የተወጡት ሶሐባ ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) በእርጅናቸው ይህ ሕመም ይዟቸው እንደነበር በዘገባ ተላልፏል። የቻሉትን ያህል ያክሙት ነበር፤ ሲያሸንፋቸው ደግሞ ውዱእ አድርገው ይሰግዱ ነበር። ይህን ያስተላለፈው የገዛ ልጃቸው ኻሪጃ ነው። አባት ከልጁ አልደበቀም፤ ልጅም በአባቱ አላፈረም። መታከምም መስገድም በአንድ ላይ ሄዱ። ለአባቶቻችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ምርመራውና ሕክምናው

ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወት አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ጊዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አሉ፤ በሰሜን በኩል ላሉት ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይቀርባል። ሐኪሙ መጀመሪያ ይጠይቃል፣ በጣት ይመረምራል፣ ሽንትና የኩላሊት የደም ምርመራ ያዛል፣ በአልትራሳውንድ ፊኛ ውስጥ የሚቀረውን ሽንት ይለካል። እንደ አስፈላጊነቱም ፒ ኤስ ኤ የተባለውን የደም ምርመራ ያዛል።

ስለ ፒ ኤስ ኤ አንድ ነገር ልብ ይባል። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ካንሰር አለ ማለት አይደለም፤ ያደገ እጢ፣ ኢንፌክሽን፣ በቅርቡ የገባ ካቴተርም ከፍ ያደርገዋል። እርግጠኛ የሚያደርገው ከእጢው የሚወሰድ ናሙና ነው። ምርመራውን ስለማድረግ ከሐኪም ጋር መነጋገር የሚመከረው ከ50 ዓመት ጀምሮ ሲሆን፣ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የታመመ ሰው ግን ከ45 ወይም ከዚያ በፊት ቢጀምር ይመረጣል።

ሕክምናው እንደ ሕመሙ መጠን ነው። ቀላል ከሆነ ማታ የሚጠጣውን መቀነስ፣ ቡናና ሻይ ማሳነስ፣ ሽንትን ቸኩሎ አለማቋረጥ ይበቃል። ከዚያ ክኒን አለ። ታምሱሎሲን ቧንቧውን ያላላል፤ በቀናት ውስጥም ለውጥ ይታያል፤ ግን ሲነሱ ሊያዞር ስለሚችል ከሱጁድ ቀስ ብሎ መነሳት ያስፈልጋል። ፊናስተራይድ እጢውን ያሳንሳል፤ ውጤቱ ግን እስከ ስድስት ወር ሊፈጅ ስለሚችል «አልሠራልኝም» ብሎ በወሩ ማቋረጥ አይገባም። ክኒኑ ካልበቃ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል፤ እጢው የዘጋው ክፍል ይወጣል። «ወንድነት ይጠፋል» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ያስቀራል። ካንሰር ላልሆነው እድገት ከሚደረገው ቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው የዘር ፈሳሽ ወደ ውጭ መውጣቱን ማቆሙ ነው፤ ከትዳር ጓደኛ ጋር የመገናኘት አቅም በአብዛኛው አይጠፋም።

ካንሰር ከሆነም በጊዜ የተገኘው በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሊድን ይችላል፤ ቀስ ብሎ የሚያድገው ደግሞ በክትትል ብቻ ሊቆይ ይችላል። የተሰራጨው የወንድ ሆርሞንን በሚቀንስ ሕክምና ለዓመታት ሊገታ ይችላል። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር ከጣና ዳር የሄደ ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ወራት ይጠብቅ ነበር። ቀድሞ መመርመር ከዚህ መንከራተትም ያድናል።

በአካባቢያችን ስለተለመደ አንድ ነገር እንጨምር፤ ስለ ጫት። በባሕር ዳርና በዘጌ አካባቢ ጫት በስፋት ይመረታል፤ ቃሚውም ብዙ ነው። የየመን ሐኪሞች በ1990ዎቹ ባሳተሙት ጥናት ጫት መቃም የሽንትን ፍሰት እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ በጫቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የፊኛውን አንገት ያጠብቃል። ጤነኛውን የቀነሰ፣ እጢው ያደገበትን ሰው ሊዘጋው ይችላል። አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ፋርማሲ ሲገቡ «የሽንት ችግር አለብኝ» ማለት ያስፈልጋል። ጥቁር አዝሙድና ማር በረከት ናቸው፤ ዱዓና ሩቃም አይቋረጡም። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ የታጠፈ ቧንቧ የሚከፈተው በሕክምና ነው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከቤተሰብ እንጀምር። ልጆች አባታቸውን በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ፣ «አባባ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?» ብለው ይጠይቁ። ከሁለት ጊዜ በላይ ከሆነ ወይም ሽንቱ የሚያስቸግራቸው ከሆነ አብረው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እናቶቻችን ነገሩን ከማንም ቀድመው ያውቃሉ፤ ለልጆች መናገር የባልን ገመና ማውጣት ሳይሆን ነፍሱን መጠበቅ ነው።

ኢማሞችና ዱዓቶች ሰለሱል በውል ያለበትን ሰው ፍርድ በደርስ ላይ በግልጽ ያስተምሩ። በጁሙዓ ኹጥባ አንድ ጊዜ መነሳቱ ብቻ ብዙ አፎችን ይከፍታል። የመስጂድ ኮሚቴዎች ለአቅመ ደካሞች ቅርብ የሆነ፣ ውኃ የማይቋረጥበት መጸዳጃ ያዘጋጁ፤ በር አጠገብ መስገድ የሚፈልጉ አባቶችን «ወደ ፊት ይሙሉ» ብለው አያስጨንቁ። መድህን ላልገቡ ምስኪን አባቶች መዋጮ ማሰባሰብ፣ ከዘካና ከሰደቃ ለሕክምናና ለትራንስፖርት መመደብ ከባድ ሥራ አይደለም። በአካባቢው ያሉ ሙስሊም ሐኪሞችም በወር አንድ ጊዜ ከዒሻ በኋላ ለሃያ ደቂቃ ቢያስረዱ አጅሩ ትልቅ ነው። የክልሉ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት ይህን በየዞኑ ማስተባበር ይችላል።

ከክልሉ ጤና ቢሮ የምንጠብቀውም አለ። በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ካቴተርና ካቴተር ማስገባት የሚችል ባለሙያ ዘወትር እንዲኖራቸው፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ በማንኛውም ምክንያት ሲመጣ ስለ ሽንቱ ሁለት ጥያቄ እንዲጠየቅ፣ ካቴተር ተደርጎላቸው ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ አባቶችም ወረፋቸው እንዲታወቅ እንጠይቃለን። ካቴተር እንደ ዓይነቱ በየሳምንታቱ መቀየር አለበት፤ መንገድ ተዘግቶ ለወራት ሳይቀየር የቆየ ካቴተር ራሱ የኢንፌክሽን ምንጭ ይሆናል። በግጭቱ ውስጥ ያሉ ወገኖች ሁሉ የታመመን ሰው መንገድ እንዳይዘጉ መጠየቅም የሃይማኖት ሰዎች ድርሻ ነው።

ለአባቶቻችን ደግሞ ቃላችን ይህ ነው፦ ሕመሙ ነውር አይደለም፤ ሶላታችሁም አልጠፋችም። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካፈራችሁ ልጃችሁ ይናገርላችሁ። አላህ ዕድሜያችሁን በጤናና በዒባዳ ያርዝምልን።